የእሜቴ አሥር ሰበዞች

ሳይለንት ባልዲውን የመምህርቷ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጥ፣ ክፍሉ በሙሉ የተማከረ ይመስል አፍንጫውን ያዘ።

«ኧረ በናትሽ ክዳኑን እንዳትከፍቺው!» አለች ፊት ወንበር ላይ የተቀመጠች ልጅ።

«አይሸትም እኮ» ልትላት ፈልጋ ነበር። እውነቷንም ነው፤ የዝሆን ፋንድያ ሲደርቅ ከድርቆሽ ሽታ ሌላ ሽታ የለውም። ግን ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ እንደ ልማዱ ተመለሰ። ስሙን ያወጡላትም ለዚሁ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ እናቷ ባረፈች በወሩ ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ማንም ቢያናግራት አትመልስም ነበር። አንዱ ቀልደኛ «ይቺ ልጅ ሳይለንት ላይ ናት፤ ብትደውሉላትም አትጮኽም» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ ስሙም በዚያው ጸደቀ። አሁን አሁን ስም ሲጠራ እውነተኛ ስሟ ከተነበበ፣ ማን ናት ብሎ ዞር የሚል አይጠፋም።

ሥራው የቡድን ነበር። ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ግን «አባትሽ እዚያው ስለሚሠራ ላንቺ ይቀልሻል» ብለው ሁሉንም ለሷ ጥለውላት፣ አሁን የመጨረሻው ወንበር ላይ ከሌላው ጋር አብረው አፍንጫቸውን ይዘዋል። ርዕሱ «የዝሆን ምግብ እንዴት ይፈጫል?» የሚል ነው። አባቷ በመካነ አራዊቱ የዝሆኗ ተንከባካቢ ነው። ዝሆኗ አንድ ብቻ ናት፤ አሮጊት ናት፤ ስሟ እሜቴ ይባላል።

«ጀምሪ» አለች መምህርቷ መስኮቱን ከፍታ እዚያው ቆማ። «ያልፈለገ ላያሸት ይችላል። ያልሰማ ግን ፈተናው ላይ እኔን እንዳይጠይቀኝ።»

ሳይለንት ወረቀቷን አነሣች። መጀመሪያ ድምጿ ከወረቀቱ ሳይርቅ ነበር የሚቀረው።

«ዝሆን በቀን እስከ አሥራ ስምንት ሰዓት ድረስ ስትበላ ትውላለች። መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚደርስ ሣር፣ ቅጠልና ቅርፊት ትጨርሳለች…»

«የኔ ወንድም ነዋ!» አለ ሬዲዮ። ሬዲዮ የሚሉት አፉ የማያርፈውን የክፍሉን አስቂኝ ልጅ ነው፤ እሱን የሚያጠፋው ቁልፍ እስካሁን አልተገኘም።

ክፍሉ ሳቀ። የሚገርመው፣ ሳቁ ሳይለንትን አላቆማትም። ጠመኔ አንሥታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ትልቅ ሆድ ሣለች። ኩምቢው አፍ ሳይሆን እጅ መሆኑን ነገረቻቸው፤ ሣሩን ነቅሎ፣ አፈሩን አራግፎ የሚያጎርስ እጅ። ጡብ የሚያካክሉ አራት መንጋጋዎችን ሣለች፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች።

«መንጋጋዋ ሲያልቅ ሌላ ከኋላ እየገፋ ይመጣል። በዕድሜዋ ስድስት ጊዜ ትቀይራለች። ስድስተኛው ሲያልቅ ሰባተኛ የለም።»

ከዚያ ጨጓራው ላይ ደረሰች። «ላም የዋጠችውን መልሳ ታመሰኳለች። ዝሆን ግን አንዴ ከዋጠች ዋጠች ነው። ጨጓራዋ እንደ መጋዘን ነው፤ ይቀበላል፣ በአሲድ ያርሳል፣ ያሳልፋል። አንጀቷ ቢዘረጋ ከሠላሳ ሜትር ይበልጣል፤ ከዚህ በር ተነሥቶ ግቢው ውስጥ ያለው ቧንቧ ጋ ይደርሳል። ትልቁ ሥራ የሚሠራውም መጨረሻው ላይ፣ ትልቁ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ። ሣሩን አብላልተው ጉልበት የሚያደርጉላት እነሱ ናቸው። ብቻዋን አትችልም።»

ቀጠለች። «ግልገሏ ስትወለድ እነዚህ ተሕዋስያን የሏትም። ስለዚህ የእናቷን ፋንድያ ትበላለች። ከእናቷ የምታገኛቸው በዚያ በኩል ነው።»

«ኤጭ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ሳይለንት ግን ሌላ ነገር ነበር የተሰማት። «እናት» የሚለውን ቃል በሰው ፊት ጮክ ብላ ከተናገረች ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ክዳኑን ከፈተች።

«ከምትበላው ግማሹ እንኳ አይፈጭም። ቀሪው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንዲህ ሆኖ ይወጣል። ተሕዋስያኑ ደግሞ ጥርስ የላቸውም፤ ሣሩ ደቅቆ ካልደረሳቸው አይሆንላቸውም። ስለዚህ አባቴ በየጠዋቱ አንድ የፋንድያ ኳስ ይሰብራል። አሥር የሣር ሰበዝ ያወጣል፣ በማስመሪያ ይለካል፣ አማካዩን መዝገብ ላይ ይጽፋል። ሰበዙ አጭር ከሆነ ጥርሷ ይሠራል ማለት ነው። ረጅም ከሆነ እየፈጨች አይደለም። ሆዷ ሞልቶ ትራባለች።»

ሰሌዳው ላይ የወሩን ቁጥሮች ጻፈች። ከአባቷ መዝገብ የገለበጠቻቸው ናቸው፤ ሁለት ነጥብ አንድ፣ ሁለት ነጥብ ሦስት፣ ሁለት። የአባቷ እጅ ጽሑፍ እንደ ማሽን የተስተካከለ ነው፤ እሷም በዚህ ትኮራለች። በዓለም ላይ ከሚያኮሯት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ መዝገብ ነበር።

«አሁን ራሳችሁ ለኩ። ሁለት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል» አለች።

ሬዲዮ ጓንት ለብሶ፣ ቀዶ ጥገና ሊሠራ እንደሚገባ ሐኪም እጁን ወደ ላይ አንሥቶ መጣ። በወረንጦ የመጀመሪያዋን ሰበዝ መዘዘ። ማስመሪያው ላይ አጋደማት።

«ስምንት!» አለ።

«ደግመህ ለካ» አለችው ሳይለንት።

«ዐይኔ ነው? ስምንት ነው እኮ። ይቺኛዋ…ዘጠኝ። ይቺ ሰባት ተኩል።» ሬዲዮ ቀና አለ። «ሳይለንት፣ ማስመሪያው ነው ወይስ ዝሆኗ ናት የተሳሳተችው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አሥሩም ተለካ። አማካዩ ስምንት ተኩል ሆነ። ሰሌዳው ላይ ያለው ሁለት ነጥብ አንድ ከላይ ሆኖ ያያታል።

መምህርቷ ከመስኮቱ ተነሥታ መጣች። አልሳቀችም። «ረጅም ከሆነ ምን ማለት ነው ነበር ያልሽን?» አለቻት ቀስ ብላ።

ሳይለንት መልሱን ታውቀዋለች። ከደቂቃዎች በፊት በገዛ አፏ የተናገረችው ነው። ግን ባልዲዋን ከደነችና ወደ ወንበሯ ሄደች፤ ደወሉ እስኪደወልም አንገቷን አላቀናችም።

ከትምህርት ቤቱ በር ስትወጣ ሬዲዮ ከኋላዋ ሮጦ ደረሰባት። «ሙድ ልይዝብሽ አልነበረም እሺ? አመለጠኝ» አላት። ከዚያ ያለ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እውነት ግን እየተራበች ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«አላውቅም።»

«ባልዲውን ላግዝሽ?»

ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። እሱም «እሺ፣ ሰኞ ትነግሪኛለሽ» ብሎ ተመለሰ። ጥቂት ከሄደች በኋላ ዞር ብላ አየች፤ የለም። እንዲያግዛት ለምን እንዳልፈቀደች ለራሷም አልገባትም። ባልዲው ከብዷት ነበር፤ ጫማዋም ከጣቶቿ ጋር ከተጣላ ወር አልፎታል።

መካነ አራዊቱ ሊዘጋ ሲል ደረሰች። ጠባቂው የሠራተኛውን በር ከፈተላት። በጦጣዎቹ አጥር አልፋ ወደ ዝሆኗ ቤት ስትጠጋ የአባቷን ድምፅ ሰማች። እያወራ ነው። ቤት ውስጥ «ብይ፣ ጠጪ፣ ደህና እደሪ» ከሚሉት የማያልፍ ሰው፣ እዚህ ቃላቱ ይንዠቀዠቃሉ። ከድርቆሹ ክምር ጀርባ ቆመች።

«…የቤታችን ጣራ አሁንም ያንጠባጥባል እሜቴ። ዛሬ ነገ እያልኩ ነው። ልጅቷ ደግሞ ጫማዋ ጠቧታል። ስትራመድ አያታለሁ። ትነግረኛለች ብዬ ብጠብቅ፣ ብጠብቅ፣ ምንም የለም። እናቷ ብትሆን ገና ሳትጠይቃት ታውቅ ነበር። እኔ ምኑን አውቄው። አንቺ ብይ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ?»

ሳይለንት ባልዲዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። ጫማዋ እንደጠበባት አባቷ ያውቃል፤ የነገረው ግን ለዝሆን ነው። በዝሆን መቅናት እንደሚያሳፍር ታውቃለች፤ ቢሆንም ቀናች።

ከዚያ እሜቴን አየቻት፤ እንደ ወትሮው ሳይሆን፣ ማስመሪያ እንደያዘ ሰው አስተውላ። የግንባሯ ጎንና ጎን ጎድጉዷል። የጀርባዋ አጥንት በቆዳው ሥር ተሰልፏል። በኩምቢዋ ድርቆሽ አንሥታ ጎረሰች፣ ጉንጯ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አንከባለለችው፣ ከዚያ እርጥብ ጥቅልል አድርጋ መሬት ላይ ጣለችው። አባቷ ጥቅልሉን ቶሎ ብሎ በአካፋ አነሣና የእጅ ጋሪው ሥር፣ ሌላ ድርቆሽ አልብሶ ደበቀው። እጁ የለመደው ሥራ እንደሆነ ያስታውቃል።

«አባዬ» አለች።

ደነገጠ። «መቼ መጣሽ?»

«ስምንት ተኩል ነው።»

ምን ስምንት ተኩል አላለም። አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ከራሱ በላይ፣ ምስማር ላይ፣ መዝገቡ ተንጠልጥሏል፤ ሽፋኑ ላይ የመካነ አራዊቱ የእንስሳት ሐኪም የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከአምስት ሴንቲ ሜትር ካለፈ ይነገረኝ።»

«ማን ለካ?» አለ በመጨረሻ።

«ክፍል ውስጥ። ፋንድያ ወስጄ ነበር። ያንተን ቁጥር ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት አባዬ። ሁሉም ሳቁ።»

አባቷ እጆቹን አየ። «አልዋሸሁም» አለ። «የጻፍኩት የለካሁትን ነው። አሥር ሰበዝ ይላል፤ አሥር ነው የምለካው። ብቻ…አጫጭሮቹን እመርጣለሁ። መጀመሪያ አንድ ቀን ነበር። ያን ቀን ረጃጅሞቹ በዝተውብኝ፣ ነገ ይስተካከላል ብዬ አጫጭሮቹን ፈልጌ አወጣሁ። በማግስቱም እንደዚያው። አሁን እጄ ሳላዘውም ይመርጣል።»

«ግን እየተራበች ነው።»

«ሐኪሟ ካወቀች ወደ ሌላ መካነ አራዊት ትወስዳታለች። ሁለት ቀን በመኪና ነው። እዚያ ድርቆሽ የሚያደቅ ማሽን አላቸው። ሌሎች ዝሆኖችም አሉ አሉ።» ቀና ብሎ አያት፤ ዐይኑ ቀልቷል። «ከሷ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ነው የኖርኩት። እናትሽ ስታርፍ በማግስቱ የመጣሁት እዚህ ነው። እሷ ከሄደች ከማን ጋር ነው የማወራው?»

«ከኔ ጋር» የሚለው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሁለት ቃል ነው። ሳይለንት ግን እንደ ስሟ ዝም አለች። አባቷም ተነሥቶ ቀሪውን ድርቆሽ መበተን ጀመረ።

ቅዳሜና እሑድ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው መኖሩን የሚያሳውቀው የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር። ሳይለንት አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጣራው የሚያንጠባጥብበትን ቦታ እያየች አሰበች። ለሐኪሟ ብትናገር ለማን ብላ ነው? ለእሜቴ ነው? ወይስ እሜቴ ስትሄድ አባቷ የሚያወራው ሰው ሲያጣ ወደሷ እንዲመለስ ነው? ይህን ሁለተኛውን ስታስበው ፊቷ ጋለ። አንድ ጊዜ ዝም ማለት ይሻላል አለች። ዝምታን ደግሞ ማንም አያስተምራትም። ነገር ግን ዐይኗን በጨፈነች ቁጥር ያ እርጥብ ጥቅልል ድርቆሽ ይመጣባታል። ቀኑን ሙሉ ስትበላ እየዋለች የምትራብ እንስሳ፣ ለማንም መናገር የማትችል።

ሐኪሟ የምትመጣው ሰኞ ሰኞ ነው። ሰኞ ጠዋት ሳይለንት ከአባቷ ኋላ ኋላ ወጣች። «ትምህርትሽስ?» አላት። «ገና ነው» አለችው። አብረው መካነ አራዊቱ ደረሱ።

አባቷ የእጅ ጋሪውን ሊያመጣ ሲሄድ እሷ መዝገቡን ከምስማሩ አወረደች። ከመሣሪያ ሣጥኑ ውስጥ ወረንጦውንና ማስመሪያውን አወጣች። የሌሊቱን ፋንድያ አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ላይ አድርጋ ሰበረችው፤ ገና ትኩስ ነበር። እጇን ዘረጋችና አቆመችው። የሷም እጅ ሊመርጥ እንደሚችል ታወቃት፤ የአባቷ አጫጭሮቹን እንደሚመርጥ፣ የሷ ደግሞ ረጃጅሞቹን።

ወረንጦውን አስቀመጠችው። ዐይኗን ጨፈነች። በጣቶቿ እየዳበሰች አንድ በአንድ አሥር ሰበዝ አወጣች፤ ከዚያ ዐይኗን ገልጣ ቆርቆሮው ላይ ደረደረቻቸው። አንዷ ሦስት ሴንቲ ብቻ ነበረች። ትንሽ ተስፋ አደረገች። ሌሎቹ ግን ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ነበሩ።

አባቷ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። መቼ እንደመጣ አላወቀችም። አካፋውን በሁለት እጁ ይዞ ያያታል። መዝገቡን ሊነጥቃት ይችል ነበር፤ ሁለት እርምጃ ነው የሚለያያቸው። ሳይለንት እስክሪብቶውን ከፈተችና፣ በአባቷ የተስተካከሉ ቁጥሮች ሥር፣ በራሷ ዘመም ያለ ጽሑፍ አንድ ሁለት እያለች መጻፍ ጀመረች። የመጀመሪያዋ ስምንት። ሁለተኛዋ ሦስት። ሦስተኛዋ ዘጠኝ።

«ሦስተኛዋን ድገሚያት» አለ አባቷ።

ቀና አለች።

«ጫፏ ታጥፏል» አለ። ድምፁ የሻከረ ነበር። «የታጠፈ ነገር እንደዚያ አይለካም። ዘርጊያት።»

ሳይለንት ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም የሰበዟ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፏል። በጥፍሯ ይዛ ዘረጋቻት፤ ማስመሪያው ላይ አጋደመቻት። አሥራ አንድ ሆነች። ዘጠኙን ሰርዛ አሥራ አንድ ጻፈች። አባቷ ቀሪዎቹን ሰባቱንም እስክትለካ ቆሞ ጠበቀ፤ አንዷን ለመለካት ስትቸገር ብቻ ጫፏን በአውራ ጣቱ ያዘላት።

ከዚያ እሜቴ ኩምቢዋን በብረቱ መሐል አውጥታ የአባቷን ባርኔጣ ነካካች። በሌላ ቀን ቢሆን ያወራት ነበር። አሁን ግን ኩምቢዋን በመዳፉ ያዝ አደረገ ብቻ። ከወደ ዋናው በር የመኪና ሞተር ሲጠፋ ተሰማ፤ የሐኪሟ መኪና ነው።

ሳይለንት መዝገቡን ዘጋች። አባቷ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ የእሜቴን ኩምቢ እንደያዘ ነው። ቃሉ ጉሮሮዋ ላይ ደረሰ፤ እንደ ልማዱ ሊመለስም ነበር።

«አባዬ» አለች።

«እ?»

«ጫማዬ ጠቦኛል።»

አባቷ ፊቱን ወደሷ አዞረ። እግሯን አየ፣ ከዚያ ፊቷን አየ፤ ረጅም ጊዜ ነው ያያት።

«አውቃለሁ» አለ። «የቱ እግርሽ ነው የሚብሰው?»

«ቀኙ። ጣቴ ላይ ነው።»

«ከትምህርት ቤት ስትወጪ በር ላይ እጠብቅሻለሁ። እንሄዳለን።» የእሜቴን ኩምቢ ቀስ አድርጎ ለቀቀ። «እየሄድን ደግሞ…ክፍል ውስጥ ምን እንዳልሻቸው ትነግሪኛለሽ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ።»

«ረጅም ነው እኮ» አለች።

«ይሁን።»

ሳይለንት መዝገቡን ብብቷ ሥር አደረገች። ሐኪሟ ወደምትመጣበት ወደ ዋናው በር ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ፤ አባቷ፣ እግሯን እንዳያማት፣ እርምጃውን አሳጠረላት።